የአለበል ስምንት ዓመት

«ባለቤቴ'ኮ የአሳንሰር ኮንትራክተር ሊሆን ነው» አለች ይርጋነሽ ከአጥሩ ወዲያ። «ዓርብ አዲስ አበባ ላይ ይፈተናል። ወንድሙ ከቢቸና መጽሐፉን ይዞለት ዛሬ ይገባል።»

«አሳንሰር ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፎቅ ላይ ሰው እየጫነ የሚያወጣ ሳጥን ነው አሉ።»

«ምነው፣ ደረጃው ምን ሆነና?»

«ሀብታም ደረጃ ይወጣል እንዴ አንቺ!»

ሁለቱ ሴቶች ተሳሳቁ። ጓዴ የአጥሩን በር ሊገፋ የዘረጋው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ፀጉሩም ቅንድቡም የኮቱ ትከሻም በአቧራ ነጥቷል። ጎሕ ሳይቀድ ከቢቸና ተነሥቶ፣ በመኪና በተጫነ ጨው ላይ ተቀምጦ ሲንገጫገጭ፣ ሞጣ የደረሰው ገና አሁን አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ጋቢና ሦስት ብር ነው ቢሉት በአንድ ብር ከሃምሳ ከጭነቱ ላይ ወጣ። አቧራው ግድ አልሰጠውም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ጥያቄና መልሱን በቃሉ ሲወጣ ስለመጣ ሩቁ አጭር ሆኖለት ነበር። ዓርብ የሚፈተነው እሱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ያጠናውም እሱ ነው። ታዲያ የወንድሙ ሚስት የምታወራው ምንድን ነው? ተሳስታ ይሆናል አለ በልቡ፤ ጎረቤት ፊት ሲወራ የማይጨመር ነገር የለም። እንዲህ ብሎ ራሱን አባበለና በሩን ገፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ፋንታ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ሁለቱንም የሚያስተምርበት አቅም ግን አልነበረውም። ታላቁ አለበል ቀጠለ። ታናሹ ጓዴ ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ፣ አባቱ ቢቸና ላይ በመሬት ሲካሰስ ስንቅ ተሸክሞ የሚከተል ሆነ። ፈቃዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጧት ደብተሩን ሊያነሣ ሲል አባቱ «ዛሬ ከኔ ጋር ነህ» አለው፤ ያ ዛሬ ሳያልቅ ቀረ። ሃያ ዓመት ሲሞላው ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ገባና፣ አሳንሰር ከሚተክል ሙሴ ያኒ ከሚባል ግሪክ ዘንድ ሥራ ጠየቀ። ግሪኩ ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰ አልቀጥርም አለ። ጓዴ ለአባቱ ላከ፤ አባቱም የአለበልን የምስክር ወረቀት ግልባጭ አስወጥቶ በመንገደኛ ሰደደለት። «የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ፤ ወረቀቱም የቤቱ ነው» ብሎ ነው የሰደደው። ነውር ነው ያለ አልነበረም። የወንድሙን ኮት ተውሶ ሠርግ የሚሄድ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ጓዴም የወንድሙን ስም ተውሶ ሥራ ገባ። ኮቱ ግን ከሠርጉ ማግሥት ይመለሳል፤ ስሙ ስምንት ዓመት ከላዩ አልወረደም። «አለበል!» ሲሉት «አቤት!» እያለ፣ ከምድር ቤቱ ጉድጓድ እስከ ጣሪያው ሞተር ቤት ሲወጣ ሲወርድ፣ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ግራሶ ሲቀባ ኖረ። ሙሴ ያኒ ድርጅቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲሄድ የሰጠው የሥራ ምስክር ወረቀትም «አቶ አለበል ፋንታ ስምንት ዓመት ሙሉ አሳንሰር በመትከልና በመጠገን በታማኝነት ያገለገለ» ይላል።

ጓዴ ከዚያ ወዲህ ቢቸና ተመልሶ የአንድ ነጋዴ ወፍጮ ሞተር ጠባቂ ሆነ። ዱቄት ሲውጥ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ ከእንግዲህ ፈቃድ የሌለው ሰው የአሳንሰር ኤሌክትሪክ እንዳይነካ፣ ፈቃድ የሚፈልግም ተፈትኖ እንዲያገኝ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ስምንት ዓመት ለመሥራቱ ማስረጃ ያቀረበ ሰው የእጅ ሥራው ፈተና ይቀርለታል፤ የሚፈተነው የጽሑፉን ብቻ ነው። ጓዴ ይህን ሲሰማ ይደሰት ወይስ ይዘን ግራ ገባው። የእጁ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖም ያልፈው ነበር። የጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የሆነው ይሁን ብሎ ተመዘገበ፤ የተመዘገበውም ወረቀቱ በሚያውቀው ስም ነው። የድሮ የሥራ ባልደረባው የጥያቄ መጽሐፉን እያነበበና እየተረጎመለት፣ እሱም በፊደላችን እንግሊዝኛውን እንደ ድምፁ እየጻፈ አንድ ደብተር ሞላ። ወፍጮው ሲቆም በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የሽቦውን መንገድ ይሥላል፤ ማታ ማታ ሚስቱ ስንዱ ምንም ሳይገባት ደብተሩን ይዛ «ቀጥል እስቲ» ትለዋለች። አሁን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ የያዘው ያን ደብተር፣ የፈተናውን መጥሪያና የሙሴ ያኒን ወረቀት ነው። የጎደለው አንድ ብቻ፣ የስድስተኛ ክፍሉ ዋናው የምስክር ወረቀት ነው፤ ግልባጭ አንቀበልም ብለዋል፤ መታወቂያውንም በሱ አስወጥቶ ሊቀርብ አስቧል። ዋናው ያለው አለበል ሣጥን ውስጥ ነው። ለዚያም ከሦስት ሳምንት በፊት ሁሉንም ዘርዝሮ፣ ቀኑንም ደንቡንም ሳይደብቅ ለወንድሙ ጻፈ። «ና ውሰድ» የሚል ቃል መጣለት።

ይርጋነሽ ስታየው ደንገጥ አለች፤ ወዲያው ግን ተነሥታ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። «ውይ ወንድሜን! ምነው ዱቄት የተነፋብህ መሰልክ!» ጎረቤቷ ሀብትነሽ ከእግሩ እስከ ራሱ ስታየው ቆየችና፣ «መጽሐፉ የታለ?» ብላ ጠየቀች፤ መጽሐፍ ሲባል ዳዊት የሚያህል ነገር ጠብቃ ኖሮ የደረት ኪሱን ስታይ ቅር አላት። ጓዴ ወደ ውስጥ ዘለቀ። እናቱ ወለተ ሐና ከመደቡ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ጉልበቷን ሳማት። «መጣህልኝ? መንገዱ እንዴት ነው? ስንዱስ?» አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ምስሯ ተመለሰች። ዓይኗን አልሰጠችውም። እናቱን ያውቃታል፤ ዓይኗን የምትነፍገው የምታፍርበት ነገር ሲኖር ነው። ሁዳዴ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመስ ነገር የለም፤ እንግዳ ሲመጣ እህል ውሃ የሚሸፍነው ዝምታ ሁሉ ዛሬ ራቁቱን ተቀመጠ።

የአለበል ቤት አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል፤ ጋዜጣው በጢስ ቢጫ ሆኗል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የቤቱ እልፍኝ ማለት ነው፤ ቀለሙ፣ ማስመሪያው፣ የጣት ማስፈረሚያው፣ ቴምብር የሚቀመጥበት የሲጋራ ቆርቆሮ፣ ሁሉም በመሥመር ተደርድሯል። ከበላዩ አለበል አስተማሪ ሳለ ከተማሪዎቹ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጋር ተጣልቶ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ፣ አንዱን ማመልከቻ በሃምሳ ሳንቲም፣ ይግባኝ የሆነ እንደሆነ በብር የሚጽፍ ሰው ነው። ከእጁ ጽሕፈት የሚያምር በሞጣ የለም ይባላል። ጓዴ ፎቶግራፉን ሲያይ ከልጆቹ ይልቅ የወንድሙን ጫማ አየ። አባቱ በሬ ሸጦ የገዛለት ጫማ ይህ ይሆን እያለ ሲያስብ አለበል ገባ።

ቁመቱ እንደ ጓዴ ነው፤ ፊቱም ያው ነው፤ እሱ ግን ፀሐይ ያልመታው፣ ዱቄትም ያልነፋበት ነው። ተሳሳሙ። የቢቸናን ዝናም፣ የጤፉን ዋጋ፣ የሹፌሩን ስም ጠየቀው። ጓዴ መለሰ። ከዚያ ወሬው አለቀ። አለበል ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ሣጥኑን ከፈተ፤ ዋናውን የምስክር ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጓዴ ልቡ ሞቀ። ከጎኑ ግን ሌላ ነገር አኖረ፤ አዲስ የመታወቂያ ደብተር ነው፤ ጠረኑ እንኳ ገና ነው። ጓዴ ገለጠው። አለበል ፋንታ ይላል፤ ፎቶግራፉም የአለበል ነው፤ ክራባት አድርጎ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ከፍሎ።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድም ጋሼ?»

«መታወቂያ ነዋ። መጥሪያው መታወቂያ ይዘህ ቅረብ አይልም? አንተው ነህ የጻፍክልኝ።»

«የሚቀርበው እኔ አይደለሁም?»

«በማን ስም ነው የምትቀርበው?» አለ አለበል፤ ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ለባላገር ሕግ የሚያስረዳበት ድምፅ ነበር። «ፈቃዱ የሚወጣው ለአለበል ፋንታ ነው። አለበል ፋንታ እኔ ነኝ። ደግሞስ እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ በእንግሊዝኛ ጽፈህ ታልፋለህ?»

ጓዴ መጥሪያውን ከኪሱ አወጣ። አለበል መጥሪያውን ተቀብሎ እንግሊዝኛውን ሳያደናቅፈው አነበበው፤ ጓዴ ሳምንት ሙሉ የታገለውን ነገር ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ወጣው። ከዚያ ሐሳቡን ዘረጋ። እሱ ይፈተናል፤ ፈቃዱ ቤት ይገባል፤ ጓዴ ይሠራል፤ እሱ ወረቀቱን ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ይከራያሉ። እናታቸውንም ይወስዷታል። «እኔ እጄን ምንም አላስገባም» አለ፤ «እጁ ያንተ ነው።» ነገሩን እንዲህ ሲናገረው ለጓዴ አንዳች ውለታ የዋለለት ይመስላል።

«ስምንት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ጓዴ።

«ማን ያውቃል?»

«እግዜር ያውቃል! እማ ታውቃለች!»

እናትየው ሰፌዱን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ታላቅህ ነው» አለች። «ያኔ ስሙን ሲሰጥህ አልከፋውም። ዛሬ ሥራውን አጥቶ ከዋርካ ሥር ተጎልቶ የሚውለው ሰው አያሳዝንህም? ከቤት አይወጣም'ኮ። ከሱ ወደ አንተ፣ ካንተ ወደ እሱ ነው።» ጓዴ እናቱን ትኩር ብሎ አያት። ያኔ ከአራተኛ ክፍል ሲያስወጡትም እንዲሁ ነበር ያለችው፤ ከቤት አይወጣም። ቤት የሚባለው ግን ምንጊዜም አለበል ብቻ ነው።

አለበል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻውን ተናገረ። አይሆንም ብሎ መጮህ ይቻላል፤ መክሰስም ይቻላል። ክሱን እሱ ራሱ ሊጽፍለት ይችላል። ነገር ግን ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ አንተ ጓዴ ፋንታ በሰው ስም ስምንት ዓመት ደመወዝ የበላህበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ነው። የሕጉን ቁጥር ጠራለት። ስንት ዓመት እንደሚያሳስርም ነገረው። ይህን ሁሉ ሲል ማስመሪያውን በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ እያስተካከለ ነበር።

ጓዴ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ላስቲኩ ኮሸሸ። የሙሴ ያኒን ወረቀት አውጥቶ ቢቀድደው ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቃል፤ ለእሱም ለአለበልም ሳይሆን ይቀራል። ጣቱ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ደረሰ። ግን በዓለም ላይ እሱ አንድ ነገር መሥራቱን የሚናገር ሌላ ነገር የለም፤ በሌላ ሰው ስም ቢሆንም እንኳ፣ ያ ስምንት ዓመት የተጻፈበት ቦታ ያ ወረቀት ብቻ ነው። እንዴት ይቅደደው? አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አለበል አነሣው፤ አነበበው፤ «ጥሩ ጽፎልሃል» አለ። ወዲያው ደግሞ አረመ፤ «ጥሩ ጽፎልኛል።» ጓዳ በር ላይ ቆማ የምትሰማው ይርጋነሽ ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ደብተሩን ግን አለበል ማንበብ አልቻለም። እንግሊዝኛ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ለእንግሊዝኛ ዐዋቂም ለአማርኛ ዐዋቂም አይሆንም። «ይሄ ምን ቋንቋ ነው አንተ? ጠልሰም ነው እንዴ?» አለ። በዚህ የተነሣ ጓዴ ራሱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ማንበብና ማስረዳት ነበረበት፤ ነገ ጧት አለበል መነሣት አለበት፤ ያለው ጊዜ ይኸው ከቀኑ የቀረው ነው። ጓዴ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፤ አለበል በዚያ በሚያምር እጁ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ጓዴ አሳንሰሩን ያውቃል፣ እንግሊዝኛ ያቅተዋል፤ አለበል እንግሊዝኛ ያውቃል፣ አሳንሰር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አባታቸው ከሁለቱ አንድ ሰው አስተምሮ ነበር፤ ያ አንድ ሰው ዛሬ በሁለት ወንበር ተቀምጧል።

ስለ ሚዛኑ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። ሰው የሚጫንበት ካቢና በአንድ ወገን፣ የብረት ክብደት በሌላ ወገን፣ መሐል ላይ በሞተሩ መዘውር የሚያልፍ የሽቦ ገመድ፤ ክብደቱ ከባዶው ካቢና ይበልጣል። አለበል አልገባውም። «ለምን ይበልጣል? እኩል አይሆንም?» ጓዴ ሦስት ጊዜ አስረዳው። በአራተኛው ተነሣና «እትዬ ይርጋነሽ፣ ገመድ ይኖራል?» አለ። የጭነት ገመድ አመጡለት። ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ወረወረው፤ በአንዱ ጫፍ ቅርጫት፣ በሌላው ጫፍ የምስር ከረጢት አሠረ። ሀብትነሽም ከደጅ ገብታ ለማየት ቆመች። ቅርጫቱን ባዶውን ለቀቀው፤ ምስሩ ከብዶ ወረደ፣ ቅርጫቱ ላይ ወጣ። ቅርጫቱ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ጨመረ፤ ምስሩና ቅርጫቱ መሐል ላይ ቆሙ። አንድ ድንጋይ ቢጨምር ቅርጫቱ ወረደ። «አዩ? ባዶም ሆነ ሙሉም ሆነ ለሞተሩ የሚቀረው ትርፉ ብቻ ነው። ሞተሩ ሰውን አይሸከምም፤ ልዩነቱን ነው የሚሸከም።» እንዲህ ሲል ፊቱ በርቶ ነበር፤ አቧራው እንኳ አልታይ አለ። ለአንድ አፍታ የመጣበትንም የተደረገበትንም ረሳው።

«ይሄን ያህል ገመድ ለመጎተት ነው ፈተና የሚፈተኑት?» አለች ሀብትነሽ። «በቅርጫቱ እኔን አውጡኝ እስቲ!»

«አንቺን ለማውጣት የሞጣ ምስር አይበቃም» አለች ይርጋነሽ። እናትየው እንኳ ሳቀች። አለበል ግን አልሳቀም። «ልዩነቱን ነው የሚሸከም» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሰመረበት።

አለበል ከያዘ አይለቅም። ጓዴ ሦስት ወር የደከመበትን በጥቂት ሰዓት ውስጥ እያገላበጠ በቃሉ ወጣው፤ በየመሐሉ «ቀጥል» ይላል፤ የደከመው አይመስልም። ጓዴ ያየዋል። ይህ ሰው ይፈተናል። ይህ ሰው ያልፋል። ደግሞም ማለፉ ትክክል ይመስላል፤ ይህ ነው ያንገበገበው። የበደለው ሰው ደደብ ቢሆን ኖሮ ቂሙ የሚያርፍበት ቦታ ባገኘ ነበር።

ስለ በሮቹ ሲደርሱ አንድ ጥያቄ መጣ። የየፎቁ በር ሲዘጋ የሚገናኝ የኤሌክትሪክ መገናኛ አለ፤ በር ክፍት ከሆነ አሳንሰሩ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው እሱ ነው። መገናኛው ቢበላሽ፣ አሳንሰሩ እንዳይቆም በሽቦ ቀጥሎ ማስኬድ ይፈቀዳል ወይ? ጓዴ ጣቱን ከጥያቄው ላይ አላነሣም። አለበል ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጠበቀ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ይፈቀዳል ቢለው አለበል ይፈቀዳል ብሎ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ይጽፋል፤ ፈታኞቹ ከሁሉ ይልቅ ይህችን እንደሚያዩ ጓዴ ያውቃል፤ ይህችን የሳተ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያውቅ ፈቃድ አያገኝም። ማንም አያውቅም። ረሳሁ ማለት ይቻላል። ምላሱ ላይ መጣ። ገብረ ሕይወት ግን ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። አብሮት ይሠራ የነበረ የመንዝ ልጅ ነበር፤ አንዱ ሰነፍ መገናኛውን በሽቦ ቀጥሎት ሄዶ፣ በሩ ተከፍቶለት፣ ካቢናው አለ ብሎ እግሩን አነሣ። ካቢናው ሁለት ፎቅ በላይ ነበር። ጓዴ ነው ከጉድጓዱ ያወጣው። አንደኛው ጫማው ሳይገኝ ቀረ።

«ምን ላድርግ፣ ይፈቀዳል ነው አይፈቀድም?» አለ አለበል።

«አይፈቀድም።»

«ለምን?»

«ሰው ይሞታል።»

«ይሄ በመልሱ ውስጥ ይገባል?»

«ይግባ» አለ ጓዴ። «ጻፉት።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ተፈታ። ሽሮና ጎመን ቀረበ፤ ወንድማማቾቹ ከአንድ ትሪ በሉ። እናትየው ከጎመኑ ወደ ጓዴ ወገን ስትገፋለት ጓዴ አየ፤ ያየ አልመሰለም። አለበል እየበላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ መልሶቹን እየደገመ ነው። ይርጋነሽ ነጩን ሸሚዝ በጓዳ ትተኩሳለች፤ ከሰሉ ሲሸት ይሰማል። ነገ በዚህ ሰዓት ወንድሙ ቢቸናን አልፎ ወደ ደጀን ይወርዳል፤ በቢቸና ሲያልፍ ደግሞ ወፍጮው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ይሰማዋል። ስንዱ ደጁ ላይ ቆማ ጓዴን ስትጠብቅ ታየዋለች ይሆን? ጓዴስ ሲመለስ ምን ብሎ ይነግራታል? ሦስት ወር «ቀጥል እስቲ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

ከምግቡ በኋላ አለበል ጠረጴዛውን ጠርጎ አንድ ንጹሕ ወረቀት ዘረጋ። ጓዴ ሌላ ጥያቄ የቀረ መስሎት ደብተሩን ሊያነሣ ሲል፣ «ተወው እሱን፤ ይሄ የራሴ ሥራ ነው» አለው። ብዕሩ ሳይቆም ከላይ እስከ ታች ጻፈ። ወዲያውም ይርጋነሽን ልኮ የሀብትነሽን ባል ውበቴንና የእናታቸውን የነፍስ አባት መምሬ አካለ ወልድን አስጠራ። ሁለቱ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። አለበል ተነሥቶ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ነገ ሰይጣን መሐላችን እንዳይገባ ነው» አለ ወደ ጓዴ ሳይሆን ወደ ምስክሮቹ። ከዚያ አነበበ። «እኔ ጓዴ ፋንታ፣ የቢቸና ከተማ ነዋሪ፣ በአሳንሰር ሥራ ተቀጥሬ የማላውቅ መሆኔን፣ በወንድሜ በአቶ አለበል ፋንታ ስም በተጻፈው የሥራ ምስክር ወረቀት ላይም ዛሬም ሆነ ወደፊት መብት የሌለኝ መሆኑን፣ ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ፈቃዴ፣ ከዚህ በታች ስማቸው በተጻፈ ምስክሮች ፊት አረጋግጣለሁ።»

«ይሄስ ምን ያደርጋል ወንድም ጋሼ?» አለ ጓዴ። «ሰጠሁዎ'ኮ።»

«የሰጠ ሰው ይጽፋል።»

ጓዴ እናቱን አየ። እናቱ መምሬ አካለ ወልድን አየች። መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ ለፍቅር ነው» አሉ፤ ስለ አሳንሰሩም ስለ ግሪኩም የነገራቸው አልነበረም። ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ጓዴ ወደ ጠረጴዛው ቀረበና ብዕሩን ተቀበለ። የሚፈርምበትን መሥመር አለበል በጣቱ አሳየው። እጁ ሳያስብ ሄደ፤ ከላይ ወደ ታች ታጥፋ፣ ከሥር ተስባ፣ መጨረሻዋ ላይ አንድ ጊዜ ተሽከርክራ የምትቆም ፊርማ ወረቀቱ ላይ ቀረች። ስምንት ዓመት በየወሩ ደመወዝ ሲቀበል የፈረማት ናት።

አለበል ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አለበል ነው'ኮ የሚለው!» አለ ውበቴ ከጎን አንገቱን አስግጎ፤ ሳቁንም መያዝ አቃተው። «ሁለታችሁም አለበል ናችሁ እንዴ?»

ጓዴም አየው። ሆን ብሎ አልነበረም። አለበል ግን አላመነውም፤ ወረቀቱን አራት አድርጎ ቀደደ፤ ሌላ አንሥቶ ጥርሱን ነክሶ ያንኑ እንደገና ጻፈው። ቃል አልተለወጠም፤ ጽሕፈቱም እንደ መጀመሪያው አማረ። «አሁን የራስህን» አለው። ጓዴ ብዕሩን ያዘ። የራሱን ፊርማ ፈለገ፤ የለም። አንድም ቀን በራሱ ስም የፈረመበት ነገር አልነበረም፤ አባቱ መሬቱን ሲካሰስ ልጅ ነበር፤ አዲስ አበባ አለበል ነበር፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ ፊርማ የለም። «ጓ» የምትለውን ፊደል ሊጀምር ብዕሩን አስቀመጠ፤ እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ አጥብቆ ሲጫነው አንድ ጠብታ ቀለም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወደቀች። አለበል ቶሎ ብሎ ወረቀቱን ሳበው፤ ይህንንም እንዳያበላሽበት ፈርቷል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

«በጣትህ ይሁን» አለ።

የጣት ማስፈረሚያውን ከፈተ። የጓዴን አውራ ጣት ያዘ፤ ቀለሙ ላይ አሸ፤ አዙሮ ወረቀቱ ላይ ጫነው። በየቀኑ ከዋርካው ሥር ባላገሩን ሲያስፈርም የሚያደርገው ነውና እጁ ለምዷል። ከዚያ ብዕሩን አነሣና ከአሻራው አጠገብ አንድ መሥመር ጨመረ። ምስክሮቹም ፈረሙ። ጓዴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ መሥመሯን ተገልብጣ እንዳለች አነበባት። «መጻፍ ስለማይችል በአውራ ጣቱ የፈረመ» ትላለች።

መምሬ አካለ ወልድ ሊነሡ ሲሉ አለበል በእጁ አስቆማቸው። ሥርዓቱ አላለቀም፤ በጣቱ የፈረመ ሰው የፈረመበት ጽሑፍ በምስክሮች ፊት ሊነበብለት ይገባል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ፣ ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል፣ ፊደል ላልቆጠረ ሰው እንደሚነበብ አድርጎ አነበበለት።

«ገባህ?» አለው ሲጨርስ።

«ገባኝ» አለ ጓዴ።